ከትልቁ ቤት ወደ ጓሮ ቤት ስለሚሳብ የኤሌክትሪክ መስመር

ለሰው ልጅ ምቾት ከተገኙት የጥበብ ሥራዎች ውስጥ እንደ ኤሌክትሪክ ኃይል ታዛዥም ጨካኝም የሆነ አገልጋይ ከቶ አይገኝም። እሳት ሲነሣ ጢሱ ይሸታል፤ ጐርፍ ሲመጣ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል፤ አውሬ ሲቀርብ ውሻ ይጮኻል። ኤሌክትሪክ ግን በሽቦ ውስጥ ሲመላለስ መልክም ድምፅም ሽታም ስለሌለው፣ መኖሩ የሚታወቀው ወይ በሚሰጠው ጥቅም ወይ በሚያደርሰው ጉዳት ነው። ስለዚህ ይህን ኃይል በቤቱ የሚያሳድር ሰው ሁሉ የሚሄድበትን መንገድ አስቀድሞ ሊያበጅለት ይገባል። ዛሬ በቤተ ሰብ ገጻችን የምንነጋገረው ብዙ ጊዜ ቸል ስለሚባለው መንገድ፣ ማለት ከትልቁ ቤት ተነሥቶ ግቢውን አቋርጦ ወደ ጓሮ ቤት ስለሚሳበው መስመር ነው።

የኤሌክትሪክ መብራት ወደ አገራችን የገባው በ1890 ዓ.ም. ግድም በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ነው። ከዚያ በኋላ የአባ ሳሙኤል፣ በ1952 ዓ.ም. ደግሞ 43 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የቆቃ የኃይል ማመንጫ ሥራቸውን ጀመሩ። በ1980 ዓ.ም. ግድም በዋቢ ሸበሌ ወንዝ ላይ 153 ሜጋ ዋት የሚሰጠው የመልካ ዋከና ማመንጫ ተጨመረ። እንግዲህ የአርሲ ደጋ በስተ ሰሜን ቆቃን፣ በስተ ደቡብ መልካ ዋከናን ጎረቤት አድርጎ የሚኖር አገር ነውና ከኃይሉ ምንጭ ርቋል አይባልም። ነገር ግን ግድቡን የሠሩትና ምሰሶውን የተከሉት መሐንዲሶች ጥንቃቄያቸው የሚያበቃው ከቆጣሪው ላይ ነው። ከቆጣሪው ወዲህ ያለው ጥንቃቄ የቤቱ ባለቤት ፈንታ ነው።

አሰላ ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በጭላሎ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ብርዷ የጸና፣ የክረምቱም ዝናም የበዛ ነው። በዚያም ሆነ በሳጉሬ፣ በበቆጂና በኢተያ በደኅና ግቢ ውስጥ ትልቁ ቤት ብቻውን አይቆምም፤ በስተ ጀርባው ማድ ቤት፣ የላም በረት፣ የፈረስ ጋጣ፣ የገብስና የስንዴ ጐተራ፣ የዶሮ ቤት ይኖራል። ከስዊድን መንግሥት ጋራ በመተባበር በ1960ዎቹ ዓ.ም. የሠራው፣ ካዱ በሚል ስም የታወቀው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት የተሻለ የስንዴ ዘርንና የተዳቀሉ የወተት ላሞችን ካስፋፋ ወዲህ ደግሞ የጓሮው ሥራ ይበልጥ በርትቷል። ዛሬ የግቢው ባለቤት በማድ ቤቱ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ በበረቱ መብራት፣ በዶሮ ቤቱ ለጫጩቶች ማሞቂያ አምፖል፣ ከጐተራው አጠገብም የገለባ መቁረጫ ሞተር ሊያቆም ይወዳል። ምኞቱ የሚያስመሰግን ነው፤ ጭንቁ ያለው መስመሩ በሚሳብበት አኳኋን ላይ ነው።

ልማድ የሆነው አሠራር በብዙ ግቢ የታወቀ ነው። ከሳሎን ሶኬት ላይ ቀጭን የመብራት ሽቦ ይሰካል፤ ሽቦው በመስኮት ሾልኮ ይወጣል፤ በአጥሩ ላይ፣ አንዳንዴም በልብስ ማስጫው ሽቦ ላይ ተጠምጥሞ ይሄዳል፤ ያጠረ እንደ ሆነ ሌላ ሽቦ ይቀጠልና በናስትሮ ይጠቀለላል፤ በመጨረሻም በቆርቆሮው ጠርዝ ሥር አልፎ ወደ ማድ ቤቱ ይገባል። ሥራው አንድ ሰዓት አይፈጅም፤ መብራቱም ወዲያው ይበራል። ሽቦው ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ ያረጃል። ፀሐይ ልባሱን ታደርቀዋለች፤ ነፋስ በቆርቆሮው ስለት ላይ ይሞርደዋል፤ አይጥ ይቈረጥመዋል፤ ዝናም በናስትሮው ውስጥ ይሰርጋል። አንድ ቀን መዳቡ ቆርቆሮውን የነካ እንደ ሆነ ያ ቤት ከጣራው እስከ በሩ መቀርቀሪያ ድረስ ኮረንቲ ይለብሳል።

በዚያን ጊዜ መቀርቀሪያውን የሚነካው ማን ነው? መስመሩን ያዘዘው ሰው በሳሎኑ ወንበር ላይ ተቀምጧል። መቀርቀሪያውን የምትነካው እጅዋ በሊጥ የራሰ፣ እግርዋም ርጥብ መሬት የረገጠ እንጀራ ጋጋሪ ናት፤ ወይም ማልዶ ላም የሚያልብ የከብት ጠባቂ ነው፤ ወይም ኳሱን ተከትሎ የሚሮጥ የቤቱ ሕፃን ነው። የሚያዝዘው ሌላ፣ የሚነካው ሌላ ስለ ሆነ ይህ ነገር የገንዘብና የእጅ ሥራ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የፍርድም ጉዳይ ነው። የቤቱ ጌታና እመቤት በሥራቸው ለሚያድረው ሰው ሕይወት ኀላፊዎች ናቸው።

አንድ ሰው ይህን ሲያነብ፦ «በቤቴ ብሬከር አለ፤ ችግር የመጣ እንደ ሆነ ራሱ ይቈርጠዋል» ይል ይሆናል። ይህ አሳብ ብዙዎችን ያሳሳተ ስለ ሆነ ጥቂት ማስረዳት ያስፈልጋል። ብሬከር የተሠራው ሽቦው ከመጠን በላይ ግሎ ቤት እንዳያቃጥል ነው፤ የሽቦ ዘበኛ እንጂ የሰው ዘበኛ አይደለም። 16 አምፔር የተጻፈበት ብሬከር እስከ 16 አምፔር ያለውን ኃይል ዝም ብሎ ያሳልፋል። የሰውን የልብ ምት ለማፋለስ ግን ከ30 ሚሊ አምፔር ጥቂት ከፍ ያለ፣ ማለት የአንድ አምፔር 3 መቶኛ ያህል ሊበቃ ይችላል። የድሮው 60 ዋት አምፖል በ220 ቮልት 270 ሚሊ አምፔር ያህል ይስባል፤ ይኸውም ከዚያ አደገኛ ልክ 9 እጥፍ ነው። እንግዲህ አንድ ሰው በኮረንቲ ተይዞ ሲንቀጠቀጥ፣ ብሬከሩ በቤቱ ውስጥ አንድ ተጨማሪ አምፖል እንደ በራ ያህል ይቈጥረዋል እንጂ ሰው እየሞተ መሆኑን አያውቅም።

የሰው ዘበኛ ሌላ ነው፤ እርሱም በባለሙያዎች ዘንድ አር ሲ ዲ የሚባለው ያፈተለከ ኮረንቲ ማቋረጫ ነው። ሥራው እንደ ታማኝ ግምጃ ቤት ጠባቂ ነው፦ በአንዱ ሽቦ የወጣውን ኮረንቲ በሌላው ሽቦ ከተመለሰው ጋራ ዘወትር ያመዛዝናል። ሁለቱ እኩል እስከ ሆኑ ድረስ ዝም ይላል። ከወጣው ጐድሎ የተመለሰ እንደ ሆነ ግን፣ የጐደለው በአንድ ስፍራ ወደ መሬት እያፈተለከ ነው ማለት ስለ ሆነ፣ 30 ሚሊ አምፔር ተብሎ የተሠራው ዕቃ ከ3 ዐሥረኛ ሰከንድ በማያልፍ ጊዜ ውስጥ ኃይሉን ይቈርጣል። ወደ ጓሮ የሚሄድ መስመር ሁሉ ይህ ዕቃ ሊኖረው ይገባል፤ ዋጋውም ከሚጠብቀው ነፍስ ጋራ የሚተያይ አይደለም። ይሁን እንጂ እርሱም ወሰን አለው። አንድ ሰው ሁለቱን ሽቦዎች ባንድነት የጨበጠ እንደ ሆነ የወጣው ሁሉ ተመልሶ ይገባልና ዕቃው ልዩነቱን አያውቅም። ስለዚህ አር ሲ ዲ አለ ተብሎ ክፍት ሽቦ አይተውም።

ከአር ሲ ዲ ጋራ የሚሄደው ሁለተኛው ጠባቂ አረንጓዴና ቢጫ መልክ ያለው የመሬት ሽቦ ነው። ይህ ሽቦ የምጣዱን ብረት፣ የሞተሩን አካልና የቆርቆሮውን ግድግዳ በመሬት ውስጥ ከተቀበረ የመዳብ ልባስ ካለው ዘንግ ጋራ ያገናኛል። እርሱ በደኅና የተሠራ እንደ ሆነ ኮረንቲው ብረቱን በነካበት ቅጽበት ወደ መሬት ይወርዳል፤ አር ሲ ዲውም ሰው ሳይነካው አስቀድሞ ይቈርጣል። እርሱ የሌለ እንደ ሆነ ግን ኮረንቲው መንገድ የሚያገኘው ሰው በነካው ጊዜ ነው፤ የመሬት ሽቦ የሚሆነው የሰው ገላ ነው። ዘንጉ 1 ሜትር ተኩል ያህል ወይም ከዚያ በላይ ርዝመት ኖሮት፣ በበጋም ርጥበት በማይለየው ስፍራ ቢተከል ይመረጣል፤ አፈሩ ሲደርቅ ኮረንቲ የመቀበል ኃይሉ ይቀንሳልና። የተከለውም ባለሙያ በመለኪያ ፈትኖ ማስረከብ አለበት። አንዳንድ ሠራተኞች ዘንግ በመትከል ፈንታ በሶኬቱ ውስጥ የመሬቱን ቦታ ከኒውትራል ሽቦ ጋራ አያይዘው ይሄዳሉ። ይህ ከሁሉ የከፋ ተንኰል ነው፤ የኒውትራሉ ሽቦ በመንገድ ላይ የተበጠሰ ቀን የምጣዱ ብረት በሙሉ 220 ቮልት ተሸክሞ ይጠብቃል።

አሁን ስለ ሽቦው ውፍረት እንናገር። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከቤት ዕቃ ሁሉ ይልቅ ብዙ ኃይል ከሚበሉት አንዱ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይፈልጋል። 4,000 ዋት በ220 ቮልት ሲከፈል 18 አምፔር ያህል ይሆናል። ማድ ቤቱ ከትልቁ ቤት 30 ሜትር ቢርቅና መስመሩ 0.75 ሚሊ ሜትር ካሬ በሆነ የመብራት ሽቦ ቢሳብ፣ በሽቦው ውስጥ ብቻ ከ350 ዋት በላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ምጣዱ በቶሎ አይግልም፤ እንጀራውም ዐይን አያወጣም፤ እመቤቲቱም ሊጡን ትወቅሳለች፤ ጥፋቱ ግን የሽቦው ነው። ሽቦው ተጠቅልሎ በአንድ ስፍራ ተከማችቶ እንደ ሆነማ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ልባሱን ያቀልጠዋል። ለዚህ ያህል ርቀትና ለዚህ ያህል ኃይል 6 ሚሊ ሜትር ካሬ ውፍረት ያለው የመዳብ ኬብል ከትልቁ ቤት ማከፋፈያ ሳጥን ተነሥቶ፣ ለብቻው በተመደበ 25 አምፔር ብሬከር ቢሄድ ለምጣዱም ለመብራቱም ይበቃል። ከሳሎን ሶኬት መቀጠል ግን ፈጽሞ አይገባም። ዋናው መስመርና ቆጣሪው ይህን ጭነት መቻላቸውም አስቀድሞ ይመርመር።

ኬብሉ ግቢውን የሚያቋርጥበት መንገድ ሁለት ነው፤ በመሬት ውስጥ ወይም በአየር። በመሬት ውስጥ የሚሄደው ይሻላል። ቦዩ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ይቈፈር፤ ዶማና መቈፈሪያ የሚደርስበት የአትክልት ቦታ ከሆነም ከዚያ ጠለቅ ይበል። የአርሲ ደጋ አፈር ፍልፈል የሚበዛበት ስለ ሆነ ኬብሉ የብረት ጥልፍ የለበሰ፣ ወይም በጠንካራ የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ የገባ ይሁን። ከኬብሉ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ደማቅ የፕላስቲክ ጥብጣብ ቢዘረጋ፣ ከዓመታት በኋላ የሚቈፍር ሰው ከኬብሉ በፊት ጥብጣቡን ያገኛል። መንገዱም በወረቀት ላይ ተሥሎ ከቤቱ ሰነድ ጋራ ይቀመጥ፤ የቀበረው ሰው ቢሄድም ወረቀቱ ይናገራል።

በአየር የሚሄድ ከሆነ ለውጭ አገልግሎት የተሠራ ኬብል በጠንካራ ምሰሶና በመያዣ ሽቦ ተወጥሮ ይሰቀል። ሰው ብቻ በሚመላለስበት ስፍራ ከ3 ሜትር ተኩል በታች አይውረድ። ገለባ የጫነ መኪና ወይም ለአጨዳ የሚመጣ ኮምባይነር በሚያልፍበት በር ላይ ግን ከ5 ሜትር በላይ ይሁን፤ እዚያ ላይ በአየር ከመሳብ ይልቅ መቅበሩ ይበልጣል። በባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ሽቦ ማሰር አይገባም፤ ዛፍ በነፋስ ሲወዛወዝ ሽቦውንም ይዞ ይወዛወዛልና።

መስመሩ ከጓሮ ቤቱ ሲደርስ ሁለቱን ሽቦ ባንድ ጊዜ የሚቈርጥ ማጥፊያ ይግጠምለት፤ አደጋ በደረሰ ጊዜ ወደ ትልቁ ቤት መሮጥ ጊዜ ይፈጃል። በማድ ቤት ሶኬቱ ከውሃ እንስራና ከሊጥ ዕቃ ራቅ ብሎ፣ ከወገብ በላይ ይሰቀል። የምጣዱ ሸክላ ተሰንጥቆ ውስጡ ያለው ሽቦ የታየ እንደ ሆነ፣ አንዲት እንጀራ እንኳ ሳይጋገርበት ይጠገን። ጋጋሪዋ ምጣዱን በማሰሻ ስትወለውል ወይም ስታጸዳ ኃይሉ ይጥፋ። በዶሮ ቤት የማሞቂያው አምፖል በራሱ ሽቦ ሳይሆን በሰንሰለት ይንጠልጠል፤ ከጭዱም ቢያንስ 50 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። የአሰላ ብርድ ጫጩት የሚፈጅ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን አምፖሉ በጭድ ላይ የወደቀ እንደ ሆነ ከጫጩቱ ጋራ ጐተራውም ይሄዳል። በጐተራና በገለባ ቤትም አምፖል ሁሉ መሸፈኛ ይኑረው።

ከብት ያለው ሰው ደግሞ ይህን ልብ ይበል። ላምና ፈረስ የፊትና የኋላ እግራቸው ተራርቆ ስለሚቆም፣ በመሬት ላይ የሚሰራጭ ኮረንቲ ከሰው ይልቅ እነርሱን ይጐዳል። ሰው ምንም በማይሰማው ኃይል ላም ልትታወክ ትችላለች። ከብረት ገንዳ ውሃ ለመጠጣት ያመነታች፣ ስትታለብ ያለ ምክንያት እግርዋን የምታነሣሣ ላም ብትኖር፣ ጠባይዋ ተበላሸ ብሎ ከመምታት በፊት የበረቱ መስመር ይመርመር። ላሚቱ የምትናገረው ስለ ሽቦው ሊሆን ይችላልና።

ይህ ሁሉ ወጪ ከባድ የሆነበት ሰው ምን ያድርግ? በበረቱ የሚፈለገው ብርሃን ብቻ ከሆነ፣ ከትልቁ ቤት መስመር መሳብ ግዴታ አይደለም። በ12 ቮልት ወይም ከዚያ ባነሰ ኃይል የሚሠራ አነስተኛ የፀሐይ ብርሃን መብራት ለማለቢያና ለመመገቢያ ይበቃል፤ እንዲህ ያለ ዝቅተኛ ቮልት እንደ 220 ቮልት ሰው አይገድልም። ምጣድና ሞተር የሚያስፈልግ ከሆነ ግን ሥራው የብቃት ማረጋገጫ ላለው ባለሙያ ይሰጥ። ከዚህ በላይ ያተትነው የቤቱ ባለቤት ራሱ ሽቦ እንዲቀጥል ሳይሆን፣ ሠራተኛውን ምን ብሎ እንደሚጠይቅና ምን ሳይፈጸም ገንዘብ እንደማይከፍል እንዲያውቅ ነው። የቆጣሪውን ማኅተም መንካትም ሆነ ከቆጣሪ በፊት መስመር መጥለፍ የሕግ ጥፋት ከመሆኑም በላይ፣ ያ መስመር በቤቱ ብሬከርና አር ሲ ዲ የማይጠበቅ ስለ ሆነ የሞት ወጥመድ ነው። ጥቂት ብር ለማትረፍ ሲባል ሰው ማጣት፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደ ተባለው ይሆናል።

መስመሩ ከተሠራም በኋላ ጥበቃ ይፈልጋል። በአር ሲ ዲው ላይ መፈተኛ የሆነች ትንሽ ቁልፍ አለች፤ እርስዋን ሲጫኑ ኃይሉ ወዲያው መቋረጥ አለበት። የመብራት ሂሳብ በሚከፈልበት ቀን ሁሉ ይህን ቁልፍ መጫን ልማድ ቢሆን አይረሳም። ሳይቋረጥ የቀረ እንደ ሆነ ዕቃው ሞቷልና ይለወጥ። ክረምት ከመግባቱ በፊት፣ በግንቦት ወር፣ የኬብሉ ልባስ፣ መገጣጠሚያውና የመሬቱ ዘንግ መያዣ በባለሙያ ይታዩ።

ምናልባት አንድ ሰው በኮረንቲ የተያዘ እንደ ሆነ የቤቱ ሰው ሁሉ ይህን አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባል፦ የተያዘውን በባዶ እጅ የሚነካ ሰው ሁለተኛ ሟች ይሆናል። አስቀድሞ ኃይሉ ይጥፋ፤ ማጥፊያው የማይደረስበት ከሆነ በደረቅ ስፍራ ቆሞ በደረቅ እንጨት ሽቦውን ከሰውዬው ማራቅ ነው። የማይተነፍስ ከሆነም በደረቱ መካከል በሁለት እጅ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል እየጠለቀ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ መጫን፣ እርዳታ እስኪደርስም አለማቋረጥ ነው። ተነሥቶ ደኅና ነኝ ቢልም ወደ ሆስፒታል ይወሰድ፤ የልብ ጉዳት ዘግይቶ ሊታይ ይችላልና። ይህን ትምህርት ለጋጋሪዋና ለከብት ጠባቂው በሚያውቁት ቋንቋ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም ማስረዳት፣ ማጥፊያውንም በእጃቸው እንዲያጠፉት ማለማመድ የባለቤቱ ሥራ ነው።

ክቡራን አንባቢዎቻችን፣ አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለእሳት ነበር፤ ዛሬ ጢስ ለሌለው እሳትም ይሠራል። ዛሬ ማታ ወደ ጓሮ ወጥተው፣ በመስኮት የሚወጣ ሽቦ ያለ እንደ ሆነ ከሶኬቱ ይንቀሉት፤ ነገ እንጀራው በማገዶ ይጋገር። ባለሙያው መጥቶ መስመሩን በሥርዐቱ እስኪሠራ ድረስ የአንድ ሳምንት ጢስ ቢታገሡት ለቤተ ሰቡ ሁሉ ደኅንነት ነው።